በሬሕማ ስም

ሃፍላው፣ የከተማው አውቶቡስ፣ ሶባ የመጨረሻው ፌርማታ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ከኋላ በኩል መስኮቱን ተደግፋ የተቀመጠች አንዲት ሴት ግን አልተነሳችም። ሹፌሩ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎት "ያ ኽቲ፣ እህቴ፣ ደርሰናል" አላት። መልስ የለም። ትከሻዋን ሲነካት ሰውነቷ ወደ ጎን ዘመመ። መኪናውን በሩን እንደከፈተ ትቶ ወደ ሆስፒታሉ ሮጠ። የሆስፒታሉ በር ከፌርማታው ይታያል። የቀራት መንገድ ያን ያህል ብቻ ነበር።

እኔ የተጠራሁት ረፋድ ላይ ነው። ካርቱም ውስጥ ሐበሻ ሲሞት፣ ሲሰረቅ ወይም ሲከሰስ፣ ቂስሙ ማለትም ፖሊስ ጣቢያው ለማስተርጎም እኔን ይጠራኛል። በደርግ ጊዜ በመተማ ተሻግሬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ አረብኛውን በርበሬ እየሸጥኩ ገበያ ውስጥ ተማርኩት። ስልኬ ሲጮህ ከክፉ ሌላ ያመጣል ብዬ አላስብም። ልጄ ሜሮን ፊቴ ተቀምጣ እንኳ ስለ እሷ ሊያረዱኝ የደወሉ ይመስለኛል። ሜሮን አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ስላቆሙ በሳምንት ሁለት ቀን ማሽን ላይ ተኝታ ደሟ ይታጠባል።

ይህ የሆነው የእኛን ሚሊኒየም ባከበርንበት ዓመት ነው።

"ኡም ሜሮን፣ ያንቺ አገር ሴት ሞታለች፤ ነይ" አለኝ ናቂብ ዳውድ። ኡም ሜሮን ሲል የሜሮን እናት ማለቱ ነው፤ ናቂብ ደግሞ ማዕረጉ ነው። በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ብዙ የማይናገር መርማሪ ነው፤ ሰው ሲያወራለት ዓይን ዓይኑን ከማየት ይልቅ እጅ እጁን ያያል።

አስከሬን ክፍሉ ውስጥ አንሶላውን ገለጡት። ሴትየዋ ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው። ፊቷና እግሮቿ አብጠዋል። ግራ ክንዷ በልዟል፤ ከቆዳው ሥር ወፍራም ገመድ የመሰለ ነገር ጎብጦ ወጥቷል። ዳውድ ክንዷን አይቶ "ደብድበዋታል" አለ።

አልደበደቧትም አልኩት። ለእጥበቱ ማሽን ሐኪሞች የሚያበጁት የደም ሥር ነው፤ ሜሮንም አላት። ይህን ስነግረው ወንበር አመጣልኝ።

ቦርሳዋ ውስጥ ቅያሪ ልብስ፣ ሳሙና፣ ነጠላ ጫማና የአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ተገኘ። ስሟ ሬሕማ ይላል። ዳውድ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ይህች ሴት ሆስፒታል ልትተኛ የተነሳች ናት አለ። ክሊኒኳ መሀል ከተማ ሆኖ ሳለ ከከተማ ዳር ሶባ ድረስ ምን አመጣት? ይህን ያህል የታመመች ሴትስ ለምን ብቻዋን መጣች?

እኔ ግን ካርዱ ላይ ቀርቻለሁ። ክሊኒኩን አውቀዋለሁ። ዶክተር ሳሊህ አዲስ ሕክምና የሚሞክሩበት ነው። ከበሽተኛው ዳሌ አጥንት መቅኔ ይቀዳል፤ ከመቅኔው ሴሎች ተለይተው እንዲራቡ ይደረጋል፤ ከዚያ በደም ሥር ለዚያው በሽተኛ ይመለሳሉ። ሴሎቹ የሞተውን ኩላሊት ይጠግኑታል ነው ተስፋው። ዶክተሩ አልዋሹንም፤ መጀመሪያ ጉዳት እንደሌለው፣ ቀጥሎ እንደሚሠራ መረጋገጥ አለበት ብለው ነግረውናል። የመጀመሪያዎቹ በሽተኞች ወስደውታል። ከእነሱ መካከል አንዲት ሐበሻ ድና እጥበት አቁማለች ብለው ባበሠሩኝ ቀን ቤቴ እስክደርስ አልቅሻለሁ። ሜሮን ከሁለተኞቹ ጋር እሑድ ልትጀምር ነው።

ይህን ሁሉ ለዳውድ ነገርኩትና ሌላ አስተርጓሚ እንዲፈልግ ለመንኩት።

"ከየት ላምጣ?" አለኝ። "የሰማሽውን ብቻ ንገሪኝ። የምትመኚውን አትንገሪኝ።"

*

ሬሕማ ከባቲ የመጣች የወሎ ልጅ ናት። ካርዱ ላይ እንደተጻፈው፣ አል-ማንሺያ በሚባለው ሰፈር ሲት ዘሃራ የሚባሉ ሀብታም ሴት ቤት ትሠራ ነበር። ሲት ዘሃራ ሳሎናቸው አስገቡን። አንዲት ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ያወረደች ሠራተኛ ውሃ አቀረበችልን። ዳውድ ሬሕማ መሞቷን ሲናገር ሲት ዘሃራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሠራተኛይቱ ትሪዋን እንደያዘች በሩ ሥር ቆማ ቀረች። ሲት ዘሃራ "ሂጂ አንቺ" እስኪሏት አልተንቀሳቀሰችም።

ክፉ ሴት አይደሉም። መታመሟን ያውቁ ነበር፤ ግን ድኛለሁ አለቻቸው፤ ዶክተሩ እጥበቱን እንዳቆመላት ነግራ ስኳር በጥብጣ ለቤቱ ሰው ሁሉ አጠጥታለች። በልጃቸው ሠርግ ሰሞን ከግቢ ሳትወጣ እንዳገለገለችም አወሩን። ጠላት ነበራት ወይ ብሎ ዳውድ ሲጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው ቤት ዘበኛ ፌርማታው ላይ ክንዷን ይዞ ሲጮህባት ጎረቤት አይቷል አሉ።

ዘበኛው ካሳሁን ይባላል፤ ጎጃሜ ነው። በሩ ላይ አገኘነው። ስለ ሬሕማ ሳረዳው ከወንበሩ ተነስቶ እንደገና ተቀመጠ። ዳውድ ሌሊቱንና ጠዋቱን የት እንደነበረ ጠየቀው። ከበሩ እንዳልተነቃነቀ ባለቤቶቹም የማለዳው ወተት ሻጭም መሰከሩለት።

"ክንዷን ይዘሃል ይላሉ" አልኩት።

"ይዣለሁ፣ እትዬ። ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። እግሯ ከጫማዋ ውጭ ተርፎ ፈሷል። 'የዳነ ሰው ጫማው ይጠበዋል እንዴ?' ብዬ ጮህኩባት። ሳቀችብኝ። 'አንተ ከዶክተር ልትበልጥ ነው? ይልቅ በርህን ጠብቅ' አለችኝ።"

ስልኩን አውጥቶ አሳየን። ጠዋት ሬሕማ ደውላለት ነበር። ከሃፍላ ውስጥ ነበረች፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። መሪማን ስታገኛት፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም በልልኝ አለችው። የምን ጥፋት ብሎ ሲጠይቃት ስልኩ ተዘጋ።

መሪማ የአገሯ ልጅ ናት፤ ማዮ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። ወደ ማዮ ሄድን። ፀሐዩ የመኪናውን ብረት አግሎታል፤ መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። ክፍሉ በቁልፍ ተዘግቷል። ጎረቤታቸው ከውሰር የፖሊሱን ልብስ እያየች በግማሽ አፏ መለሰችልኝ፤ ሁለቱም በማለዳ ወጡ፣ መሪማ አልተመለሰችም።

ዳውድ መኪናው ውስጥ ገባ። ከዚያ የምትሸሽ ሴት ምክንያት አላት አለኝ። እኔ ደግሞ ማዮ ውስጥ ፖሊስ አይቶ የማይሸሽ የለም አልኩት። ከሻ ሲመጣ፣ አፈሳውን ማለቴ ነው፣ ድስቱን እሳት ላይ ትቶ ነው ሰው የሚሮጠው።

"ቢሆንም አገኛታለሁ" አለ።

*

ዶክተር ሳሊህ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ናቸው። ሜሮንን እንደ ልጃቸው ስለሚያዩአት እወዳቸዋለሁ። ዳውድ የሬሕማን ካርድ ጠረጴዛቸው ላይ ሲያስቀምጥ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይህች ናት" አሉ ወደ እኔ ዞረው። "የነገርኩሽ ሐበሻ ይህች ናት።"

እግዜር ያውቃል፣ ጠርጥሬ ነበር። እኔ ሁልጊዜ ክፉውን አስቀድሜ እጠረጥራለሁ፤ ሲመጣ ግን ያው እንደ አዲስ ነው።

ዳውድ መድኃኒቱ ገድሏት እንደሆነ በቀጥታ ጠየቃቸው። አልተቆጡም። ሴሎቹ ከተሰጧት በኋላ በመጀመሪያው ምርመራ ደሟ እንደ ድሮው ነበር፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ግን ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። እንደ ጤነኛ ሰው ደም። እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ አልጠረጠሩም ወይ አላቸው ዳውድ።

"ወንድሜ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሽተኞቼ ሲሞቱ አይቻለሁ" አሉት። "አንዷ ስትድን ለምን ዳነች ብዬ ላልቅስ?"

ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩ። በሬሕማ ውጤት ተማምነው፣ እሑድ ለሚጀምሩት በሽተኞች እጥበቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ በግማሽ ሊቀንሱት ነበር። ሜሮንም ከእነሱ አንዷ ናት።

ገና ከክሊኒኩ ሳንወጣ የአስከሬን መርማሪው ለዳውድ ደወለ። ሰው አልመረዛትም። የሬሕማ ኩላሊቶች ከሞቱ ቆይተዋል፤ እጥበት በማጣቷ የገዛ ሰውነቷ ያጠራቀመው መርዝ ልቧን አቁሞታል። ዳውድ የሰማውን ሲነግራቸው ዶክተር ሳሊህ አይሆንም አሉ። የሞተ ኩላሊት ያንን ደም ሊያወጣ አይችልም። ዳውድም በዚህ ተስማማ።

"ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው" አለ። "ንጹሑን ደም የቀዳችው ማን ናት?"

ነርሷ ተጠራች። ራሷ እንደቀዳች በአላህ ማለች። ሬሕማ ብላ ጠራች፣ ሬሕማ ካርዷን ይዛ መጣች፣ ቀዳች። እጥበት ከሚደረግበት ክንድ ደም ስለማይቀዳ ሌላኛውን ክንድ ነው የሰጠቻት። የቀዳችባቸውን ሁለት ጠዋቶች ሲነግሩን ዳውድ ቀና አለ። ሁለቱም የሲት ዘሃራ ልጅ ሠርግ በነበረበት ሰሞን ናቸው። ሲት ዘሃራ ደግሞ ያን ሰሞን ሬሕማ ከግቢ እንዳልወጣች ቀደም ብለው ነግረውናል።

መኪናው ውስጥ አለቃው ደውሎለት ሲነጋገሩ ሰማሁ። በሽተኛ ነበረች፣ ሞተች፣ ዝጋው ይለዋል። ዳውድ እስከ ነገ ብሎ ለመነ። እኔ በበኩሌ ሲት ዘሃራ ዋሽተው እንዲገኙ እጸልይ ነበር። እሳቸው ከዋሹ ደሙ የሬሕማ ነው። ደሙ የሬሕማ ከሆነ መድኃኒቱ ሠርቷል፤ የሞተችው እኛ ባላወቅነው ሌላ ነገር ነው፤ እሑድም እሑድ ነው።

*

በማግስቱ ሲት ዘሃራ ዳውድ ሲጠራጠራቸው ቅር አላቸው። ሠርጉ ተቀርጿል፣ ራስህ እይ አሉትና ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። ለሒናው ቀን በጎች ሲታረዱ፣ ሴቶች ሽንኩርት ሲልጡ፣ ገና የጠዋት ጥላ ግቢው ላይ ተኝቶ ይታያል። ሲት ዘሃራ በጣታቸው አመለከቱ። ሬሕማ ትልቅ ትሪ ተሸክማ በእንግዶቹ መካከል ታልፋለች። ካሜራውን ስታይ በሌላው እጇ አፏን ሸፍና ሳቀች። በሁለተኛውም ጠዋት እንዲሁ አለች፤ ሳህን ታጥባለች።

ለሟች እንዲህ ያለ ምስክር ሲገኝ አይቼ አላውቅም። ያ ደም ሲቀዳ ሬሕማ እዚህ ነበረች።

ዳውድ ክሊኒኩ ውጤቱን ፈጥሮታል ብሎ መደምደሙ ነበር፤ ከፊቱ አወቅሁት። ያቺ የትናንቷ ሠራተኛ ሻይ ይዛ ገባች። ሲት ዘሃራ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ "ሬሕማ፣ ስኳሩን አምጪ" አሏት።

ሠራተኛይቱ "ሐዲር"፣ እሺ ማለት ነው፣ ብላ ስኳሩን ልታመጣ ሄደች።

"ሬሕማ አሏት" አለ ዳውድ።

ሲት ዘሃራ ደንገጥ አሉ። "ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ አፌ ለምዶት ነው። የዚህችን ስም አላውቅም። በዲሏ ናት።"

ዳውድ በዲል ማለት ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። እሳቸውም እንደ ተራ ነገር አስረዱት። ሐበሾቹ ሲታመሙ ወይም ሰው ሲሞትባቸው ቦታው እንዳይወሰድባቸው በምትካቸው የአገራቸውን ልጅ ይልካሉ። የመጣችው በተተካችው ስም ትጠራለች፣ በተተካችው ስም ትሠራለች፤ ሥራው ካልጎደለ ማን ይጠይቃል? ይህችም ሬሕማ የሞተች ዕለት ማለዳ በበሩ ገብታ መጥረጊያ አነሳች።

ዳውድ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠ። እኔ ቀድሞ ገብቶኛል። ይህን ልማድ እንኳን እኔ፣ ካርቱም ያለች ሐበሻ ሁሉ ታውቀዋለች። ስኳር ፍለጋ የሄደችውን ልጅ ላለመከተል እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ ተቀመጥኩ። ዳውድ ግን "ኡም ሜሮን፣ ነይ" አለኝ።

ማድ ቤት ውስጥ አገኘናት። የስኳሩን ዕቃ ታቅፋ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች። ዳውድ በአረብኛ ጠየቃት፤ የእሷ አረብኛ ግን የጥረጊና የእጠቢ ብቻ ነው። እኔ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

"መሪማ ነሽ አይደል?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ካሳሁን መልእክት ይዞልሻል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ብላሻለች።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። አልጮኸችም፤ በሻርፗ ጫፍ አፏን አፍና ተንቀጠቀጠች። ስትረጋ እኔ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ክሊኒኩ አንድ ቀጠሮ የቀረ ይሰረዛል ብሎ ነበር፤ ከተሰረዘች በነጻ የምታገኘው እጥበት ይቀርባታል። ሲት ዘሃራ ደግሞ ሠርጉ ሳያልፍ ከግቢ አትወጪም አሏት።

"በዲል ልግባልሽ አልኳት" አለች መሪማ። "ስትታመም ሥራ ገብቼላት አውቃለሁ፤ እሷም ገብታልኛለች። ካርዷን ያዝኩ። ሬሕማ ብለው ሲጠሩ አቤት አልኩ። ክንዴን ሰጠሁ።"

"ደሙን ለምን እንደሚፈልጉት አልጠየቅሽም?"

"መጥታለች ለማለት መስሎኝ። እንደ መፈረም። በሁለተኛውም ሄድኩ።"

ከዚያ ዶክተሩ ሬሕማን ጠርተው ድነሻል አሏት። እየሳቀች ማዮ ገባች፤ ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። ዶክተር ስለ ሰው ደም ሊሳሳት ይችላል ብሎ ማን ያስባል? መሪማም መድኃኒቱ አድኗታል ብላ አመነች። ነገሩ የገባት የሬሕማ እግር ሲያብጥ ነው። ያዩት ደም የኔ ነው፣ እንንገራቸው ብላ ለመነቻት።

"እንቢ አለችኝ" አለች። "አንቺን ያስሩሻል፣ በከሻ አፍሰው መተማ ላይ ይጥሉሻል አለችኝ። ሶባ ሄጄ በመንግሥት ሆስፒታል እታጠባለሁ፣ አንቺ ሥራዬን ያዢልኝ አለች። ያዝኩላት። መሞቷን ውሃ ሳቀርብላችሁ ሰማሁ። ወዴት ልሂድ፣ እትዬ? ክፍሉም በሷ ስም ነው።"

ዳውድ በሩን ተደግፎ ቆሟል። አንድ ቃል አልገባውም። "ምን አለች?" አለኝ።

እዚያ ቤት ውስጥ ያንን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለጓደኛዋ እያለቀሰች ነው ብዬ ብነግረው ይበቃ ነበር፤ እሱም እውነት ነው። ጉዳዩ ክሊኒኩ ላይ ይወድቃል፣ ዶክተሩ ይከራከራሉ፣ አለቃው ያስዘጋዋል። እሑድ ይመጣል። ልጄ ክንዷን ትዘረጋለች። የዳነች ሴት አለች ብዬ ሌሊት እተኛለሁ። ከዚያ እጥበቷ በግማሽ ይቀንሳል፣ እኔም እግሯን በየጠዋቱ አያለሁ።

ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ያለችውን መጀመሪያ፣ መጨረሻ ያለችውን መጨረሻ። ስጨርስ ዳውድ እጄን ሳይሆን ፊቴን አየ።

"ቤትሽ ሂጂ፣ ኡም ሜሮን" አለኝ። "ለዶክተሩ እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"አይሆንም" አልኩት። "አብሬህ እመጣለሁ።"

*

ዶክተር ሳሊህ እስከ መጨረሻው ሰሙን። ስንጨርስ የሌሎቹን በሽተኞች ውጤት በአእምሯቸው ሲያገላብጡ ከፊታቸው ይነበባል። ሬሕማ ከወጣች የተሻለው ማን ነው ብሎ ዳውድ ጠየቃቸው።

"ማንም" አሉ። "ያልተጎዱ አሉ። የዳነ የለም።"

ስልክ አነሱና እሑድ የሚጀምረው ሙከራ መቅረቱን ለነርሷ ነገሯት።  ደሙን ሲቀዱ ፊቷን ቀና ብሎ ያየ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ ልናገራቸው አስቤ ነበር። ሰውየው ተሰብረዋል፤ ተውኩት።

ዳውድ መሪማን ወደ ቂስም አልወሰዳትም። ምን ብዬ ልጻፍባት፣ ደም ሰጠች ብዬ? አለ። ሬሕማ ስትቀበር እንድትገኝ በራሱ መኪና አደረሳት። መቃብሩ ላይ ካሳሁን ከወንዶቹ ኋላ ቆሞ ነበር። የክርስቲያን ቦታ አይደለም ብሎ አፈር ለማልበስ ሲያመነታ አንድ ሽማግሌ አካፋውን አቀበሉት።

ቤቴ ስደርስ ሜሮን ግቢው ውስጥ በጥላው በኩል አልጋዋ ላይ ተጋድማለች። አማርኛዋ ከአረብኛ ጋር የተደባለቀ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ምን ታድርግ፤ እማዬ የምትለኝም ያማ ብላ ነው።

"ያማ፣ የሞተችው ያቺ የዳነችው ናት አይደል?" አለችኝ። ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ገብቷል።

"እሷ ናት። ግን አልዳነችም ነበር።"

አስረዳኋት። ሳላሳጥር፣ ለዳውድ እንደነገርኩት አድርጌ ነገርኳት። ዓይኖቿ ከፊቴ አልተነቀሉም።

"እሑድስ?"

"እሑድ የለም፣ ልጄ።"

"በኋላስ? ሌላ ጊዜ ይሞክራሉ?"

"አላውቅም" አልኳት። ኢንሻአላህ ብዬ ልጨምርላት አሰብኩና አልወጣልኝም።

ሰማዩ አመድ የመሰለ ነው፤ ሙቀቱ ከመሬት ይነሳል። ቆይታ ውሃ ጠማኝ አለችኝ። ለእሷ ውሃ በልክ ነው፤ የምትጠጣው ሁሉ ሰውነቷ ውስጥ ይቀራል። ግማሽ ኩባያ ቀድቼ ሰጠኋት። ቀስ ብላ ጠጥታ ኩባያውን መለሰችልኝ። ጨምሪልኝ አላለችም።